ከጋውኑ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት

የምረቃ ሰሞን ባሕር ዳር ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌላውም አቅጣጫ ወላጆች ይገባሉ። አልጋ ይጠፋል። ባጃጅ ዋጋ ይጨምራል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ በፔዳና በፖሊ በር ላይ አበባ የያዙ ልጆች ይሰለፋሉ። ጣና ዳር ያሉ ፎቶ አንሺዎች እስኪመሽ ፋታ የላቸውም። እናት በሐበሻ ቀሚስ፣ አባት በጋቢ፣ ልጅ በጥቁር ጋውን ሆነው ሐይቁን ከኋላቸው አድርገው ይነሳሉ። ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለዓመታትም አይወርድም።

በሳምንቱ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ስለ ተመራቂው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሥራ ያዝክ?» መልሱ «ገና ነኝ» ከሆነ ጨዋታው ይቀየራል። «ያዝኩ» ከሆነ ደግሞ «ስንት ይከፍሉሃል?» ይከተላል። በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መሀል አንድ ወጣት ያሳለፈው ነገር ሁሉ ሳይታይ ያልፋል። ስንት ፈተና ተፈተነ? ስንት ቦታ ወድቆ ተነሣ? በራሱ ምን ሠራ? የሚጠይቀው የለም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ምረቃውን ማክበራችን ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ይበልጥ ሊከበሩ የሚገባቸው ግን ከምረቃው በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ናቸው። ምክንያቴ ወጣቶቹን ማስደሰት ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ የመጀመሪያ ሥራውን እንዴት እንዳገኘ በአደባባይ ሲነገር፣ ከኋላው ያሉት መንገዱን ያውቃሉ። ካልተነገረ እያንዳንዱ ተመራቂ ከዜሮ ይጀምራል።

ድሮ ይህ ጉዳይ እንዲህ አያሳስብም ነበር። ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት የሚያሠለጥነው ጥቂት ሰው ነበር፤ ሙያተኛ የሚፈልገው ደግሞ ብዙ። ፔዳም መምህራንን ያወጣ ነበር፣ መምህር ደግሞ አገሩ ሁሉ ይናፍቀው ነበር። በደርግ ዘመን የተመረቀውን መንግሥት ራሱ ይመድበዋል። ልጁ ቦታውን ላይወደው ይችላል፣ ነገር ግን የት እንደሚሄድ ያውቃል። ምረቃውና የሥራ መጀመሪያው አንድ ነገር ነበሩ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለምረቃው መደገስ ለሥራውም መደገስ ነበር።

ሁለቱ ተቋማት ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. በይፋ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ዛሬ በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የግል ኮሌጁን ስንጨምር ቁጥሩ ሌላ ነው። ምደባ የሚባል ነገር ለአብዛኛው ተመራቂ የለም። ዲግሪውና ሥራው ተለያይተዋል። ድግሱ ግን እዚያው የድሮ ቦታው ላይ ቀረ።

የአሁኑ ተመራቂ እስከ ጋውኑ ድረስ የመጣበትንም መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌሎች ብዙዎች ሪሚዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል ገቡ። ከዚያ የፍሬሽማን ዓመት አለ። መጨረሻ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። በዚህ ላይ ኮሮና፣ በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት፣ በዚህ ላይ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት። አራት ዓመት ይፈጃል የተባለው ትምህርት ለብዙዎች ከዚያ በላይ ፈጅቷል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩ ልጆች አሉ።

ይህን ሁሉ አልፎ የወጣ ልጅ ታዲያ መጀመሪያ የሚጋጨው ከ«ዜሮ ዓመት» ጋር ነው።

ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳውም። የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎችን ክፈቱ። ወይም መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት»፣ «የሥራ ልምድ፦ 4 ዓመት» እያለ ይወርዳል። «0 ዓመት» የሚል ሲገኝ ወሬው በደቂቃ ውስጥ የባቹን ግሩፕ ሁሉ ያዳርሳል። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይጨናነቃል። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት መግለጫ)፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ፋይዳ መታወቂያ፣ ሁሉም ኮፒ ይደረጋል፤ ኦሪጅናሉ ደግሞ ለማመሳከሪያ በፕላስቲክ ተይዞ ይኬዳል። ለሁለት ክፍት የሥራ ቦታ ሰልፉ ግቢውን ይዞራል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና። ከዚያ ቃለ መጠይቅ። አልፎ «ዋስ አምጣ» የሚባልም አለ። ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ ቋሚ ሥራና በቂ ደመወዝ ያለው መሆን አለበት። ከገጠር የመጣ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ያመጣል?

እንግዲህ ይህን አልፎ የመጀመሪያ ቅጥሩን ያገኘ ልጅ ትንሽ ነገር አላደረገም። የሙከራ ጊዜውንም መጨረስ ራሱን የቻለ ደረጃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ያንን ጨርሶ «ቋሚ ሆንኩ» የሚለውን ቴክስት ለእናቱ የላከ ልጅ ለኔ ከማንኛውም ሜዳሊያ አያንስም። ሜዳሊያውን አልነቅፍም፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ይገባዋል። ግን ሜዳሊያ የሚሰጠው ክፍል ውስጥ ለሠሩት ነው። ከክፍል ውጭ ለሠሩት የመጀመሪያ ነገር መድረክ የለንም።

ከቅጥር ውጭ ያለው ስኬት ደግሞ ይበልጥ የተደበቀ ነው። አንድ የማውቃት ልጅ አለች፤ ሶፍትዌር ነው የተማረችው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ከተመረቀች በኋላ ሥራ ስታጣ፣ ሰፈሯ ያለ መድኃኒት ቤት ሄዳ መዝገባቸውን አየችው። መድኃኒት የሚገባውና የሚወጣው በእጅ ነበር የሚጻፈው። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን የሚያውቁት መደርደሪያ ላይ ሲያገኙት ነው። እሷ ቀለል ያለ ፕሮግራም ሠራችላቸው። ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር የቀረውን መድኃኒት በቀይ ያሳያል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ከራሷ ኑሮ ታውቃለችና አስባበት ነው። መብራት ሲሄድ የጻፉት እንዳይጠፋም በየደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጋዋለች። ባለመድኃኒት ቤቱ ለሌላ ባለመድኃኒት ቤት ነገረው። እንዲህ እንዲህ እያለ ደንበኛ አፈራች።

እናቷን ጎረቤት ሲጠይቃቸው ግን «እስካሁን ሥራ አልያዘችም፣ ቤት ነው የምትውለው» ነው የሚሉት። ክፋት የላቸውም። ሥራ ማለት ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ነው ብለው ነው የሚያውቁት። መሥሪያ ቤቶቹም ከእናቷ ብዙ አይለዩም። የመንግሥት ማስታወቂያዎችን ግርጌ አይታችሁ ከሆነ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት» ይላል። ሐሳቡ ይገባኛል፣ የውሸት ልምድ የሚያጽፍ ስላለ ነው። ውጤቱ ግን የዚች ልጅ ሁለት ዓመት በወረቀት ላይ ዜሮ ነው የሚል ሆነ። በእውነቱ ከብዙ ተቀጣሪ በላይ ሠርታለች። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ያለውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወስደው ሰርተፊኬት የያዙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከሰርተፊኬቱ በኋላ የሠሩትን ግን ማን ይቆጥርላቸዋል?

በዚህ አጋጣሚ ለተቀጣሪዎች የምትጠቅም አንዲት ነገር ልጠቁም። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ ወይም ውሉ ሲቋረጥ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን አያውቁም፤ ልመና ይመስላቸዋል። መብታችሁ ነው። የመጀመሪያ ዓመታችሁን ስትጨርሱ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ዩኒቨርሲቲው ያፈራቸውን መስኮች ስንመለከት ደግሞ ጭብጨባችን ወዴት እንደሚያደላ ይታያል። ባሕር ዳር የማሪታይም አካዳሚ አላት። ወደብ የሌላት አገር ልጆች፣ በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቁ በኋላ፣ ጣና ዳር ሠልጥነው በዓለም አቀፍ መርከቦች ላይ መሐንዲስ ይሆናሉ። ይህ በእውነት የሚያኮራ ነው። ስለነሱ ሲወራ ግን የምንሰማው ዶላሩን ነው። ለወራት መሬት ሳይረግጡ በሞተር ክፍል ሙቀት ውስጥ እንደሚሠሩ፣ ከማያውቁት አገር ሰው ጋር በማያውቁት ቋንቋ ተግባብተው ሙያቸውን እንዳስመሰከሩ አይወራም። ታናናሾቻቸው መስማት የሚገባቸው ይህን ነበር።

ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ኢንተርንሺፑን ጨርሶ ወደ ወረዳ ሆስፒታል የወረደው ዶክተርስ? የመጀመሪያ ሌሊት ተረኛነቱን ብቻውን ይዞ፣ ሲኒየር የሚባል ሰው በስልክ እንጂ በአካል ሳይኖር፣ ሰው አትርፎ አድሯል። ዘንዘልማ ግቢ ግብርና የተማረችው ልጅ ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ ትውላለች። የዓሣ ሀብት የተማረው ጣና ላይ ከአሥጋሪዎች ጋር ነው። ጣናን እምቦጭ ከወረረው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሐይቁን የሚለኩት፣ ናሙና የሚወስዱት፣ በጀልባ የሚመላለሱት በብዛት ወጣት ባለሙያዎች ናቸው። ስማቸው የሚጠራበት ቀን የለም። ደመወዛቸው ትንሽ ስለሆነ ስኬት አይመስለንም።

ስለ ደመወዝ ካነሣን አይቀር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ጥሩ ነው፤ ቤት ኪራይና አስቤዛ ግን ቀድመውት ሄደዋል። በዚህ ደመወዝ ላይ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ተመራቂው ከትምህርቱ ወጪ የሚጋራው ዕዳ አለ። ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። ሳይከፈል ኦሪጅናል ዲግሪ አይሰጥም። አንድ ልጅ ቤት ኪራይ እየከፈለ፣ ለቤተሰብ እየላከ፣ ኮስት ሼሪንጉን ጨርሶ ኦሪጅናሉን ከሬጅስትራር መስኮት ሲቀበል አጠገቡ ማንም የለም። ፈርሞ ወስዶ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ታክሲ ይይዛል። የምረቃ ቀን መቶ ሰው አጅቦት ነበር። ለኔ ግን ዲግሪውን በእውነት የራሱ ያደረገው ይሄኔ ነው።

ለምን አናከብርም ታዲያ? አንዱ ምክንያት ዝምታ ነው። እኛ ዘንድ አዲስ ሥራ የያዘ ሰው «እስኪጸና ዝም በል» ይባላል። ሰው ዓይን እንዳይገባ፣ ክፉ እንዳይሰማ። ይህን የሚሉት የሚወዱን ሰዎች ናቸው፤ እናቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ልንሳለቅበት አይገባም። የሚያስከፍለን ዋጋ ግን ከባድ ነው። በግልጽ ማስታወቂያ ተወዳድሮ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ የገባ ልጅ ዝም ሲል፣ ያላገኘው ጓደኛው ምን ያስባል? «በሰው ገባ» ይላል። በዘመድ የሚገባ መኖሩ እውነት ነውና ጥርጣሬው መሠረት አለው። ግን ሁሉም እንደዚያ አይደለም። በችሎታው የገባው ሰው ዝም ባለ ቁጥር «ያለ ዘመድ ሥራ የለም» የሚለው ወሬ እየጸና ይሄዳል። ያንን የሰማ ታናሽ ደግሞ ማስታወቂያ ማንበቡን ያቆማል፤ ፈተና መዘጋጀቱን ይተዋል፤ ዘመድ ፍለጋ ይገባል፤ ወይም ወደ ሳዑዲ ስለሚወጣበት መንገድ ማሰብ ይጀምራል። የአንዱ ዝምታ የሌላውን ተስፋ ይቆርጣል። ዓይን የሚፈራ ሰው የደመወዙን ልክ አይናገር፣ መብቱ ነው። የገባበትን በር ግን ይናገር። ማስታወቂያውን የት አየው፣ ፈተናው ላይ ምን ዓይነት ጥያቄ ወጣ፣ ስንት ጊዜ ወድቆ ነበር።

ሌላው ምክንያት እፍረት ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠ ልጅ «ባልተማርኩበት ነው» ብሎ ይሸማቀቃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ግንባታው በተቀዛቀዘበት ጊዜ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሌላ ሙያ መልመድን የመረጠ ሰው ነው። አንድ ቀን ወደ ሙያው ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ሁለቱም ጥሩ ኑሮ ነው።

አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ፣ አልሸሸውም። «የተሳካለትን ባደባባይ ማክበር ያልተሳካለትን መጉዳት ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። በባች ግሩፕ ላይ «እንኳን ደስ አለህ» ሲደረደር፣ ዝም ብሎ ከግሩፑ የሚወጣ ልጅ አለ። ጎረቤት ያለው እኩያው ተቀጠረ ሲባል ምሳ ሳይበላ ክፍሉ የሚገባ አለ። ይህ ጉዳት የሚመጣው ግን ከማክበሩ ይልቅ ከሚከበረው ነገር ነው። ደመወዝና የመሥሪያ ቤት ስም ብቻ ሲከበር አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይሸነፋል። ጥረቱና መንገዱ ሲነገር ግን ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠውም ልጅ የሚወስደው ነገር ያገኛል። አሥር ቦታ ተፈትኖ ዘጠኙን የወደቀ ሰው ታሪኩን ሲናገር፣ አራት ቦታ የወደቀው ልጅ «ገና ነኝ ማለት ነው» ብሎ ይጽናናል።

ደግሞም ከባዶ አንጀምርም። የመጀመሪያ ደመወዝ ወግ አለን። ልጁ የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይነካ ለእናቱ ይሰጣል፣ ወይም ለአባቱ ጋቢ ይገዛል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሽማግሌ ተነሥቶ «እጅህ ይባረክ፣ የያዝከው ይበርክትልህ» ይላል። የሥራ ጅማሬን የምናከብርበት የራሳችን ሥርዓት ይሄ ነው። ከቤት ወጥቶ ወደ ትምህርት ክፍሉ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው መግባት ብቻ ነው የቀረው። ሽምብጥ ያለችው ልጅም ከመጀመሪያው መድኃኒት ቤት በተቀበለችው ብር ቡና ይፈላላት። እናቷ የዚያን ቀን ሥራ መያዟን ያምናሉ።

ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂዎቻቸው የት እንደደረሱ የሚከታተል ጥናት ይሠራሉ። ጥናቱ ግን መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር፤ ተማሪው በሚያነበው መልክ በየትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የዚህ ክፍል ልጆች ባለፉት ሁለት ዓመታት የት ገቡ? በምን ገቡ? የራሳቸውን የጀመሩት ምን ጀመሩ? አራተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ይህን አንብቦ ቢያንስ ለኢንተርንሺፕ የት እንደሚያመለክት ያውቃል። ሥራ ሰጪዎችም የራስ ሥራን እንደ ልምድ የሚመዝኑበት መላ ይፈልጉ። ፕሮግራሙን ሠርታ አሳይታ፣ የሚጠቀሙበት ሰዎች ቀርበው መስክረው፣ ይህ ከአንድ ማኅተም ያነሰ ማስረጃ አይመስለኝም።

ለምረቃው ቀንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የክብር እንግዳው ንግግር ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ ይመደብ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው አዳራሽ ጋውን ለብሰው የነበሩ ሦስት ልጆች መድረክ ላይ ይውጡ። አንዱ ተወዳድሮ የተቀጠረ፣ አንዷ የራሷን የጀመረች፣ አንዱ ደግሞ ገና እየፈለገ ያለ ይሁን። ሦስተኛው እንዳይቀር፤ ጥሪው ከመጀመሪያውም ለእሱ ይላክ። ደመወዝ አይጠየቁ። የት የት እንዳመለከቱ፣ ስንቱ መልስ እንኳ እንዳልሰጣቸው፣ ማን እንደረዳቸው፣ ግቢ እያሉ ምን ቢማሩ ኖሮ እንደሚሻላቸው ይናገሩ። ሲጨርሱ አዳራሹ ቆሞ ያጨብጭብላቸው። ስልካቸውን መስጠት የሚፈልጉም በየትምህርት ክፍላቸው በኩል ይስጡ፤ ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲገባ የሚደውልላቸው አይጠፋም።